ሳንቃ ጆሮ የለውም

አንባቢ ሆይ፣ ለሰው መንገር የነበረብህን ነገር ለግዑዝ ዕቃ ተናግረህ፣ ሰውየው አልሰማኝም ብለህ የተቀየምክበት ቀን የለም? ከሌለ እሰየው። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ግን ሦስት ወር ሙሉ የኖሩት እንዲህ ነው።

ታላቁ አናጺ፣ ታናሹ ቀለም ቀቢ ናቸው። ሃያ ዓመት በአንድ ወርክሾፕ ሠርተዋል። አንድ ቀን ታላቁ በደንበኛ ፊት፣ "የእሱን ሥራ ዝንጀሮም ብሩሽ ቢይዝ ይሠራዋል" ብለው ቀለዱ። ደንበኛው ሳቀ፤ ታናሹ ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለሌላው የሚለው ሲኖረው ፊቱን ወደ ሳንቃ አዙሮ በአሽሙር ይናገራል። ጨዋነት መሆኑ ነው። ለስድብ የደፈረ አፍ ለይቅርታ ሲሆን ዓይን አፋር የሚሆነው ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጺው ከክሊኒክ የተመለሰ በር ተሸክመው ሲያዘግሙ፣ አስተማሪ የሆነችው የወንድማቸው ልጅ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ የበሩን ፊተኛ ጫፍ ያዘች።

"አጎቴ፣ ይሄ በር ባለፈው ሳምንት የሄደው አይደለም?"

"ነው። ማጠፊያው በቀኝ ሆኖ፣ ሲከፈት የበሽተኛውን አልጋ ይመታል አሉ። በግራ እንዲሆን ለአባትሽ ነግረውት ነበር።"

"እሱ አልነገርዎትም?"

"ለሳንቃው ሲያጉተመትም ሰምቻለሁ። የተለመደው ነገሩ ነው ብዬ ተውኩት።"

"ምን አልክ ብለው ቢጠይቁትስ?"

"እኔ? ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ሲባል አልሰማሽም? ወንድም የወንድሙን ሆድ ያውቃል።"

"አንበሳ በር አይገጥምም፣ አጎቴ። ሆዱንስ ካወቁት፣ አባቴ ዛሬ ብሩሾቹን ጠቅልሎ ሊወጣ መሆኑን ያውቃሉ? ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል። ቀትር ላይ ደውሎ ነገረኝ።"

በሩ ድንገት ትከሻቸው ላይ ከበደ።

"ይሂዳ" አሉ አናጺው። "የሚሄድ ሰው ለምኜ አላውቅም።"

ጥቂት እንደሄዱ እሷ ለበሩ ታወራ ጀመር፤ "አንቺ በር፣ ዓይን ያለው ሰው እግሩ ሥር ያያል።" አናጺው፣ ይቺም ትነካካኛለች ብለው ኮስተር እንዳሉ፣ ግራ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

"ጉድጓድ አለ አትዪኝም እንዴ፣ አንቺ ልጅ? በሩ ከልሎኝ ምኑን አያለሁ?"

"ተናገርኩ እኮ።"

"ለማን?"

"ለበሩ።"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። ሳቁ ሲያበቃ ግን ቆመው ቀሩ።

"እና ምን ልበለው?"

"ያጠፉትን ሳያድበሰብሱ ይናገሩ፤ ከዚያ የሚፈልጉትን። ሲመልስልዎ ደግሞ የሰሙትን መልሰው ይንገሩት። እኔ ክፍል ውስጥ 'ገባችሁ?' ስል ሁሉም 'አዎ' ይለኛል። ያልገባው የሚለየው 'ምን አልኩ?' ስል ነው።"

"በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ልደግም?"

"እርጥብ ካልሲ ይሻላል?"

ወርክሾፑ ሲደርሱ ቀለም ቀቢው ብሩሾቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። አናጺው በሩን አስደግፈው በልማድ ወደ ሳንቃው ዞሩ። "አንቺ ሳንቃ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

"በሰው ፊት ዝንጀሮ ብዬ ያቀለልኩህ ነውር ሠርቼ ነው። እንድትሄድ አልፈልግም። የክሊኒኩ ሰዎች ስለ ማጠፊያው ምን አሉህ?"

ታናሹ ቀና ሳይሉ፣ "በግራ ይሁን ነው ያሉት" አሉ።

"በግራ። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ነው?"

የጨርቁ መጠቅለል ቆመ።

"ከውጭ ለሚያይ። ጋሼ፣ በሃያ ዓመት እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።"

"አላውቅም። በል፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

ጨርቁ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወርክሾፕ ትእዛዝ የሚቀበል ሁሉ፣ ደንበኛው ሳይወጣ የሰማውን መልሶ ይነግረዋል። ቅሬታም ሳያድር ለሚመለከተው ሰው ይነገራል። የተመለሰ በር የለም፤ ወንድማማቾቹም አሁን ሲጣሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ቶሎ ይጨርሳሉ።

እናንተ ግን፣ አሽሙርን የጨዋ ንግግር እያላችሁ ልጆቻችሁን የምታስተምሩ፣ በግልጽ የጠየቀውን ባለጌ የምትሉ፣ ሳንቃ ያስታረቃቸው ሁለት ወንድማማቾች ካሉ ጥሩልን። በጓዳ አይደለም። ሰው ሁሉ በሚሰማበት አደባባይ ቁሙና በየስማችሁ መልሱ።