አገጬን ሸፍኜ የተነሳኋቸው ፎቶዎች

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ሜሬአና ታፋራ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ኦፖቲኪ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ጁላይ 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ የወይዘሮ ንጋሁያ ታፋራ መጥፋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ቶኒ ራፓታ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ አክስቴ ወይዘሮ ንጋሁያ ታፋራ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የት እንዳሉ ስላላወቅሁ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። አክስቴ የ71 ዓመት ሴት ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ከእንቅልፌ ስነሳ አልጋቸው ተነጥፏል፣ ሰማያዊ የዝናብ ካፖርታቸው ከመስቀያው ላይ የለም፣ መኪናቸውም ከግቢ ወጥታለች። የደም ግፊት ኪኒናቸውንና ስልካቸውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትተዋል። መኪናቸው ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ካለው ማቆሚያ ተቆልፋ መገኘቷን የነገረኝ ኮንስታብል ራፓታ ነው። ወንዙ በሰሞኑ ዝናብ ሞልቷል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ኮንስታብሉ ወንበርና ውሃ አቅርቦልኝ ነው ለመናገር የበቃሁት።

ከአክስቴ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልተጣላንም፣ ምነው በተጣላን ኖሮ ብዬ መልሻለሁ። አክስቴ ሲቆጡ ቤቱን ያናውጡታል፣ ከዚያ ሻይ አፍልተው ይጠሩኛል። ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ። የትናንት ማታው ግን ዝምታ ነበር፣ በዝምታቸው ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለዚህ ዝምታ ምክንያቱ እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ኮንስታብሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እንድናገር ስላሳሰበኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ቦታዬ ነው። ጤና ጣቢያችን መቀበያው ጋ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ለታካሚ መልስ የሚሰጥ ስክሪን ሊያቆም አሰበ። ስክሪኑ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የአንድ ሠራተኛ ምስል፣ አቫታር የሚሉት፣ ቆሞ እንዲያናግር ነው። ኃላፊያችን ሎረን የመረጠችው እኔን ነው። «ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ያንቺን ፊት ነው፣ ሌላ ሰው ብናቆም ማን ያናግረዋል?» አለችኝ። ከዚያ ፎቶ አነሳሱን የሚያስረዳ ወረቀት ሰጠችኝ። ከመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ይሁን፣ ከኋላሽ ሰው አይኑር፣ መነጽርና ባርኔጣ አውልቂ፣ ልብስ ቀይሪ፣ ፊትሽን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሪ፣ ሳቂም አትሳቂም፣ ፊትሽን ምንም ነገር እንዳይሸፍነው ይላል። ለፓስፖርቴ እንኳ ይህን ያህል ሕግ አልነበረበትም።

ችግሩ የመጨረሻው ነው። ኮንስታብሉ እንደሚያየው አገጬ ላይ ንቅሳት አለኝ። የተነቀስኩት ከሦስት ዓመት በፊት በጎሳችን መሰብሰቢያ ቤት፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት ነው። መስመሮቹ የእናቴን ወገን የዘር ሐረግ የሚናገሩ ናቸው። መርፌው ሲገባ እጄን ይዘውኝ የነበሩት አክስቴ ናቸው፤ ኋላ ላይ ጣታቸውን እንዴት እንደጨመቅሁት ለመንደሩ ሁሉ አወሩብኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ አጎታችን ንቅሳት ያለበትን ፊቱን ለጨዋታ ብሎ ስልኩ ውስጥ ላለ እንዲህ ላለ ፕሮግራም ሰጠው። የመጣው ምስል ላይ የአጎታችን መስመር የለም፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቅጠላ ቅጠል ፊቱን ወርሶታል። ሁላችንም ሳቅን። አክስቴ አልሳቁም። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና «ይኼ ደግሞ የማን ቤተሰብ ነው? ከብስኩት ካርቶን ላይ ነው የቀዳው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ እነዚህን መስመሮች ለማሽን እንዳታበዪብኝ። አኝኮ የሌላ ሰው አድርጎ ነው የሚተፋቸው» አሉኝ። እሺ ብያቸዋለሁ።

ታዲያ ለምን ለሎረን እምቢ አላልሽም ተብዬ ተጠይቄ፣ ሌላ ሰው ይሁን ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ እንደነበርና ምክንያቱን ግን እንዳልነገርኳት መልሻለሁ። ሎረን ክፉ ሰው አይደለችም። የእኛን ነገር ለማስረዳት በጀመርኩ ቁጥር ግን ክፍል ፊት ቆሜ የማስተምር ይመስለኛል፣ በዚያ ቀን ደክሞኝ ነበር። ዘዴ እፈልጋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዘዴው ነው ጉድ የሠራኝ።

ፎቶውን ያነሳችኝ የሌላዋ አክስቴ ልጅ ቲያ ናት። ሙሽሮችን የምታስውብ ስለሆነች ብርሃን ታውቃለች። መጀመሪያ አገጬን በአንገት ልብስ ሸፈንኩ፤ ፕሮግራሙ ፊት አይታየኝም ብሎ መለሰው። ቀጥሎ እንደሚያስብ ሰው እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተነሳሁ። ይህንን ተቀበለው፣ ነገር ግን ያወጣው አቫታር ከአገጩ ጣት የበቀለበት ሆነ። ቲያ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ታካሚው ይቺን ሲያይ ጥርሷን አሟታል ብሎ ተራውን ይለቅላታል» አለች።

በመጨረሻ ሜካፕ እንቀባ ያለችው ቲያ ናት፤ እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። «ለአንድ ከሰዓት ነው፣ በሳሙና ይለቃል። ማሽኑ መስመሩን አያገኝም፣ አክስቴም አይቆጡም» አለችኝ። ትክክል መስሎ ታየኝ። የአክስቴን ቃል የማክበር መንገድ ይህ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር፣ ይህ ቃል በመዝገቡ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ሦስት ጊዜ ደራርባ ቀባችኝ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ በሰሜን በኩል ያለው መስኮት ስር አስቀመጠችኝ። «ትከሻሽን ልቀቂ፣ ማንም አልሞተም፣ ቀና በይ» እያለች ሃያ ፎቶ አነሳችኝ። ስልኩ ላይ ራሴን አየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረችው ሴት ናት፤ አልናፈቀችኝም ነበር። ቤት ሳልደርስ እዚያው በሳሙና ታጠብኩ።

አቫታሩ አምሮ ወጣ። ሎረን ከመደሰቷ ብዛት ለሠራተኛው ሁሉ ኬክ ገዛች። ሐሙስ ዕለት ስክሪኑ ቆመ። ለአክስቴ አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አረፍ ብለን አወራቸዋለሁ ብዬ አቆየሁት። እሳቸው ግን ትናንት ዓርብ ከሰዓት ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። እኔ የመድኃኒት ክፍል ነበርኩ። የመቀበያዋ ልጅ እንደነገረችኝ አክስቴ ስክሪኑ ፊት ሲደርሱ አቫታሩ በእኔ ድምፅ፣ በቋንቋችን ሰላምታ ጀምሮ፣ «ኪያ ኦራ፣ ሜሬአና ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ቆመው ቆመው፣ ግፊታቸውንም ሳይለኩ ወጡ።

ማታ የአሳማ አጥንትና ጎመን ቅቅል ሠርተው ጠበቁኝ። አክስቴ በሚናደዱብኝ ቀን ቅቅል አይሠሩም፣ ስለዚህ ይበልጥ ግራ ገባኝ። ስንበላ አገጬን ደጋግመው አዩት። ከዚያ «ሰው ይናገርሻል እንዴ? በዚህ?» አሉኝ፣ በጣታቸው የራሳቸውን አገጭ እየነኩ። እኔ ደንግጬ «ኧረ ማንም አይናገረኝም» አልኩ። «እሺ» አሉ። አቫታሩን እንዳዩ አውቃለሁ፣ እንዳወቅሁም ያውቃሉ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ሳህኔን አጥቤ ተኛሁ። አክስቴ መኝታ ቤታቸውን ዘግተው በስልክ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር፣ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም።

ዛሬ ጠዋት ከላይ በገለጽኩት ሁኔታ አጣኋቸው። ስልካቸውን ስከፍት መጨረሻ የደወሉት ለማካ ነው። ማካ እኔን የነቀሰኝ የእናቴ የአጎት ልጅ ሲሆን የሚኖረው ረጅሙን የገደል መንገድ ተሻግሮ ጊዝበርን ከተማ ነው። ጠዋት ሙሉ ደወልኩለት፣ አያነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቆልፈው። ምን የነገሩት ይመስልሻል ተብዬ ተጠይቄ፣ ልጅቷ የሰጠሃትን ደበቀችው፣ አሳፈረችን ብለው ይቅርታ የጠየቁት ይመስለኛል ብዬ መልሻለሁ። በእኔ አፍረው ወንዝ ዳር ሄዱ የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኮንስታብሉ እንዲህ ያለ ነገር አስቀድመሽ አትናገሪ ብሎኛል። እኔ ግን የፈራሁት ይህንኑ ስለሆነ ጻፈው ብዬዋለሁ።

ለፍለጋው የሚረዳ ፎቶ አምጪ ተብዬ ስጠየቅ በፋሲካ ሰሞን በረንዳ ላይ ያነሳኋቸውን ሰጥቻለሁ። ፊታቸው ፊት ለፊት ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። የተለየ ምልክት አላቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም፣ እሳቸው አልተነቀሱም ብያለሁ። ልጃገረድ ሳሉ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ነበር የሚሠሩት፣ ያኔ ፊቱን ለተነቀሰ ሰው ሥራ የሚሰጥ አልነበረም። ኋላም ስንወተውታቸው «የእኔ ጊዜ አልፏል፣ አንቺ ሂጂበት» ይሉኝ ነበር። ፎቶውና መግለጫው ወደ ጊዝበርን ፖሊስም ተልኳል። ኮንስታብሉ ጠላቂዎች እስኪመጡ ድረስ እዚሁ እንድቆይ ስለነገረኝ ቃሌ በዚሁ ለጊዜው ተቋርጧል።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቀጠለ ተጨማሪ ቃል፦

ኮንስታብል ራፓታ ከጊዝበርን ስልክ ከተደወለለት በኋላ የሚከተለውን ገልጾልኛል። አንድ የጊዝበርን ፖሊስ እኔ የሰጠሁትን ፎቶ ይዞ ማካ ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ገባ። ከባንኮኒው አጠገብ ከንፈራቸውና አገጫቸው ያበጠ፣ አገጫቸው ላይ ትኩስ ንቅሳት ያለባቸው፣ በስስ ላስቲክ የተሸፈነ፣ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ፖሊሱ ፎቶውን አሳይቷቸው ይህቺን ሴት አይተዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፎቶውን ተቀብለው ካዩ በኋላ «አውቃታለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የሄደችው» አሉት። ፖሊሱ ወዴት ብሎ ማስታወሻውን አወጣ። ሴትዮዋ ሳቅ ይዟቸው፣ ሳቁ ስላሳመማቸው አገጫቸውን ይዘው፣ ስማቸውን ነገሩት።

ወዲያው በስልክ እንድንነጋገር ተፈቅዶልናል። አክስቴ አፋቸው አብጦ ስለነበር ቃላቸው ይድበሰበስ ነበር። የማካ ሚስት ጠዋት ድልድዩ ጋ መጥታ እንደወሰደቻቸው፣ የእሳቸው መኪና የገደሉን መንገድ ስለማትችል እዚያ እንዳቆሟት፣ ስልክና ኪኒናቸውንም በችኮላ እንደረሱ ነገሩኝ። እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር የቻልኩት። እሳቸው ግን ተቆጡኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «እዚያ ስክሪን ላይ አገጭሽ ባዶ ሆኖ ሳይሽ፣ ሂጂበት ብዬ ልኬሽ እኔ ከኋላ ቀርቼ፣ ብቻሽን ከብዶሽ የደበቅሽው መሰለኝ። ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ነው የሄድኩት።»

እኔም የሸፈንኩት እሳቸው ለማሽን አታብዪ ስላሉኝ እንጂ አፍሬ እንዳልሆነ፣ የቲያን ሜካፕና የጣቱን ጉድ ጨምሬ ነገርኳቸው። «ታዲያ በከንቱ ነዋ የተወጋሁት?» አሉ። «ያምራል?» አልኳቸው። መስታወት እንድትሰጣቸው የማካን ሚስት ሲጠሩ ሰማሁ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ።

ስለዚህ ቀደም ሲል ለፖሊስ የሰጠሁት ፎቶና መግለጫ ከአሁን በኋላ አክስቴን ስለማያሳይ ከየቦታው እንዲሰበሰብ እጠይቃለሁ። ኪኒናቸውን ይዤ ዛሬውኑ ወደ ጊዝበርን እሄዳለሁ፤ የገደሉ መንገድ ለጥገና ማታ ስለሚዘጋ ኮንስታብሉ ቶሎ እንዲጨርስልኝ ለምኜዋለሁ። ጽሑፉ ሲነበብልኝ የመኪና ቁልፌን በእጄ ይዤ ቆሜ ነው የሰማሁት። የተጻፈው ሁሉ የተናገርኩት ነው፣ የተናገርኩትም ሁሉ እውነት ነው። ፊርማዬ የተንሻፈፈው ስለቸኮልኩ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሜሬአና ታፋራ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ኮንስታብል ቶኒ ራፓታ