ወደ አማካሪዋ የተላኩ ሽማግሌ

የጓሳ ደጋ ላይ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። አውቶቡሱ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ጥቂት ከተጓተተ በኋላ ሾፌሩ ፍሬን ያዘና ሞተሩን አጠፋ። «ገደሉን ካላየሁት አልንቀሳቀስም፤ እስኪገልጥ እንቆይ» አለና መሪው ላይ ተደገፈ። በመስኮቱ የሚታየው የቅርቡ ሣር ብቻ ነበር። ከሣሩ ወዲያ ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥፍት ይላሉ፤ ነጭ ለብሰው ከሩቅ የሚመለከቱ ሰዎች ይመስላሉ። ምድርና ሰማይ ተደባልቀው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ሰዓት ሆነ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግን ገደሉ በደንብ ይታያታል። ክፉ ነገር ሁሉ ሳይደርስ ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ከሰፈራቸው ከቀየት ከተነሱ ጀምሮ አውቶቡሱ ሲገለበጥ አይታለች፤ ልጇ እስከዳር ከትምህርቷ ተባርራ፣ አንገቷን ደፍታ ስትመለስም አይታለች። ከጎኗ የደብሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር መሪጌታ ባስልዮስ በርኖሳቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጣሪያው ላይ ከሻንጣው መካከል አንድ ሙክት በግ ታስሯል። ዝምታው ሲበዛበት ነው መሰል በጉ ጮኸ።

ከፊታቸው የተቀመጠ ወጣት ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

«የዛሬው ገበያ የት ነው እናቴ?»

«ለገበያ አይደለም ልጄ፤ ለአማላጅነት ነው» አለች ወሰንየለሽ።

«አማላጁ በጉ ነው?»

«አማላጁስ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ከበርኖሳቸው ውስጥ። «ነገር ግን እንደምትሰማው እሱ ቀድሞኝ ጀምሯል።»

ወጣቱ ሳቀ። ትዕዛዙ እንደሚባልና ግሼ ውስጥ አንደኛ ክፍል እንደሚያስተምር ነገራቸው። አስተማሪ መሆኑን ስትሰማ ወሰንየለሽ ልቧ ከፈት አለ። ደግሞም ጉም ውስጥ ሆኖ ለማያውቁት ሰው ማውራት ይቀልላል፤ ነገሩ ሁሉ ሕልም ስለሚመስል የተናገሩት ቃል ተመልሶ የሚመጣ አይመስልም።

እስከዳር ቀየት አጠገብ ሕፃናት ታስተምራለች። ክረምት ክረምት ደግሞ ከተማ እየወረደች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ዘንድሮ ልትመዘገብ የመረጠቻቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይዛ ስትሄድ አማካሪዋ ዶክተር ጥሩሸዋ ኮሪደር ላይ አዩትና፣ «በዚህ አልፈርምልሽም፤ ቢሮዬ ነይና እንነጋገር» አሏት። እሷም ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቢሮ ዝር አላለችም። የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ተኝታ፣ ትናንት በስልክ «ትምህርቱ ይቅርብኝ እማ፤ ልምጣ» አለች። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።

«እንግዲህ የኔታን ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ» አለች ወሰንየለሽ። «በጉም የራሳችን ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ትዕዛዙ መስኮቱን በእጁ ጠረገና ወደ እነሱ ዞረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ» አለ፤ «ዶክተሯ በምን ተቀየሙና ነው የሚታረቁት?»

«አልፈርምም አላሉም?»

«ብለዋል።»

«ፊርማውን የከለከለ ሰው ተቀይሟል። የተቀየመ ሰው ፊት ደግሞ ዘሎ መቆም ድፍረት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ይቀድማል፤ ጥፋተኛው ከኋላ ይከተላል። ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ ብዬም ነበር፤ ወገቤ እንቢ ቢለኝ በጉ ተተካ።»

«እስከዳርስ ምን አጠፋች?»

መሪጌታ ወሰንየለሽን አዩ፤ ወሰንየለሽ እጇን አየች። ጥፋቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አንዳቸውም አልጠየቁም ነበር። በደጋው ብዙ ደግ ሰው እንዲህ ይሳሳታል፤ ታላቅ ሰው «ነይ» ካለ ቁጣ እንጂ እርዳታ ይኖራል ብሎ አያስብም።

«እኔ የሆንኩትን ልንገራችሁ» አለ ትዕዛዙ። «እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው ክረምት ላይ የአንድ ርእሰ መምህር ጓደኛዬን የኮርስ ምርጫ እንዳለ ገለበጥኩ። አማካሪዬ ሥራ በዝቶበት ከሌሎቹ ጋር ደርቦ ፈረመልኝ፤ እኔም እንዳይጠይቀኝ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ተደስቼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስለ ሠራተኛ አስተዳደርና ስለ በጀት ተማርኩ። መስከረም ላይ ሕፃናቱ ፊት ስቆም፣ ፊደል የሚያምታታውን ልጅ በየት በኩል እንደምይዘው አላውቅም። የንባብ ማስተማሪያው ኮርስ ደግሞ አመለጠኝ፤ በየክረምቱ አይሰጥም። በዚያ ምክንያት ከጓደኞቼ ኋላ ቀረሁ። ያኔ አንድ ሰው ‹አልፈርምልህም› ቢለኝ ኖሮ እግሩን እስም ነበር።»

«ታዲያ ይህ አማካሪ የሚሉት መምህር አይደለም?» አሉ መሪጌታ፤ በርኖሳቸውን ከራሳቸው ላይ ገፋ አደረጉት።

«መምህርም ነው። አማካሪ ሲሆን ግን ሥራው የተማሪውን መንገድ ማየት ነው። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ፣ ይህ ሰው እያስተማረ ምን ያህል ይችላል፣ የሚመራመርበት ነገር ክፍሉ ውስጥ ይጠቅመዋል ወይ፤ ይህን ሁሉ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ይነጋገርበታል። እርስዎም ያደርጉታል እኮ የኔታ።»

«እኔ የማንም ፊርማ የለብኝም።»

«ፊደል የጨረሰ ልጅ ሁሉ እኩል ዳዊት ይገባል?»

«እንዴት ተደርጎ። ንባቡ ሳይጠና ዳዊት የገባ ልጅ እድሜ ልኩን ሲንተባተብ ይኖራል። አንዱን ‹ቆይ› እለዋለሁ። ድምፅ ያለውን ደግሞ ወደ ዜማ እመራዋለሁ።»

«‹ቆይ› ያሉትን ልጅ ተቀይመውት ነው?»

«ስለምወደው ነው እንጂ።»

«አባቱ በግ እየጎተተ መጥቶ፣ ‹ስለ እኔ ብለው ዳዊት ያስገቡልኝ› ቢልዎስ?»

መሪጌታ ሳቅ አመለጣቸው። «መጥቶብኛል እኮ። ወዳጆ የሚባል የሰፈራችን ሰው፣ ይህንኑ የሚያህል በግ ይዞ። ‹በግህን መልስና ልጁን ጥራልኝ፤ የሚያነብልኝ እሱ ነው እንጂ በጉ አይደለም› ብዬ...» አሉና ንግግራቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ጢማቸውን እየዳበሱ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። «አንተ ልጅ፣ በገዛ አፌ አሰርከኝ።»

«እኔ ምንም አላልኩም የኔታ።»

«ምንም ሳትል ነው ያሰርከኝ። ወሰንየለሽ፣ እኔ እንግዲህ ተሸንፌያለሁ። የወዳጆን በግ መልሼ ያንቺን ይዤ ብገባ ወዳጆ ምን ይለኛል?»

ወሰንየለሽ ግን አልሳቀችም። የእሷ ፍርሃት ከእሳቸው ክርክር ይልቅ ሥር የሰደደ ነበር። ትዕዛዙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ።

«እናቴ፣ ሌላም ነገር አለ። በጉ ቢሮ በር ላይ ከታየ እጅ መንሻ ነው የሚል የለም፤ ጉቦ ነው የሚባለው። ዶክተሯ ቢቀበሉ ይጠየቁበታል፤ ባይቀበሉም የልጅዎ ስም ይነሳል።»

ክፉ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚታያት ሴት ይህን አላየችውም ነበር።

«በጉስ ይቅር» አለች። «ግን እናንተ ተናጋሪዎች ናችሁ። እስከዳር ሰው ፊት ስትቆም ላብ ያጠምቃታል፤ ልሳኗ ይታሰራል። እኔ ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ቢሮ የተጠራ ልጅ ደብተሩን ሰብስቦ ሲወጣ ነው የማውቀው። ልጄን ብቻዋን እዚያ ልላካት? እኔ ካልቀደምኩላት ማን ይቀድምላታል?»

«ክፍሏ ውስጥስ ልሳኗ ይታሰራል?»

«ከሕፃናቱ ጋርማ...» አለች ወሰንየለሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለራሷ ነው የተናገረችው።

ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እዚያ ነጭ ላይ እስከዳር የነገረቻት ነገር እንደ ሥዕል መጣላት። በእስከዳር ክፍል ጽናት የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ በየጠዋቱ ክፍሉ በር ላይ ትቆማለች፤ ሕፃኗ ስሟን ስትጠየቅ እናትየዋ ትመልሳለች፤ ውሃ ሲጠማት እናትየዋ ትጠይቃለች። እስከዳር አንድ ቀን እናትየዋን በትሕትና ይዛ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት፤ «እዚህ ይጠብቁኝ፤ አልጥላትም» አለቻት። ጽናት ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ቀስ እያለች ዝም አለች። በኋላ ግን አንድ ረፋድ ላይ እጇን አውጥታ «ውሃ ልጠጣ» አለች። እስከዳር ያን ዕለት ቤት የገባችው እየሮጠች ነበር። ወሰንየለሽም ያኔ፣ «ደግ አደረግሽ ልጄ፤ ያቺ እናት ልጇን እየወደደች አፏን ልትዘጋባት ነበር» ብላታለች።

ጉሙ ውስጥ ያቺን እናት በር ላይ ቆማ አየቻት። ነጠላዋ የራሷ የወሰንየለሽ ነጠላ ነበር።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ መንገዱ ከጉሙ ሥር እንደ መቀነት እየተዘረጋ መታየት ጀመረ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሣሩ ቀና ብለው አሳለፏቸው። ከፍታውን ሲይዙ ትዕዛዙ፣ «እዚህ ላይ ስልክ ይሠራል» አላት። ወሰንየለሽ ለልጇ ደወለች።

«እማ፣ ደረሳችሁ?»

«ጓሳ ነን። ጉም ይዞን ነበር።»

«የኔታስ መጡ?»

«መጥተዋል። ግን እሳቸው አይገቡም፤ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»



«ምን ብዬ?» አለች እስከዳር።

ወሰንየለሽ ትዕዛዙን አየችው፤ እሱ ሆን ብሎ ወደ ውጭ ተመለከተ። እናም ከራሷ አወጣችው። «ስለ ልጆችሽ ንገሪያቸው። ክፍልሽ ውስጥ የሚቸግርሽን ንገሪያቸው። የምትችይውንም የማትችይውንም። ለምን እንደማይፈርሙ ደግሞ ጠይቂያቸው፤ እስካሁን አልጠየቅሽም።»

«ቢቆጡስ?»

«ቢቆጡ ሰምተሽ ትወጫለሽ። እኔ በር ላይ አለሁ።» ትንሽ አሰበች። «የቢሮው በር ላይ አይደለም። ግቢው በር ላይ።»

ከተማ ሲደርሱ መሪጌታ፣ «እኔና አማላጁ መናኸሪያ እንቆያለን፤ እሱም እኔም ሥራ የለንም» ብለው ቀሩ። ትዕዛዙ እጅ ነስቶ መንገዱን ቀጠለ። ወሰንየለሽ ብቻዋን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው ጥድ ሥር ቆመች። ካፊያ ይጥላል፤ ተማሪዎች ጃንጥላ ይዘው ሲያልፉ ፊታቸው አይለይም፤ ሁሉም እስከዳርን ይመስላሉ፤ ሁሉም የሚያለቅሱ ይመስላታል። ልጇ ስትወድቅ አየች። ዶክተሯ በሩን ሲዘጉባት አየች። እግሯ ወደ ውስጥ ሊሄድ ሲል፣ ጽናት እናቷ ከሄደች በኋላ ያለቀሰችውን ልቅሶ አሰበችና ባለችበት ቆመች።

ከዚያ ሁለት ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲመጡ አየች። አንዷ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፤ ሌላዋ እያደመጠች ራሷን ትነቀንቃለች። የምታወራው እስከዳር ነበረች።

«እናቷ ነዎት?» አሉ ዶክተር ጥሩሸዋ ጎንበስ ብለው እየሳሟት። «ከደጋ መጥተው እንዴት ዝናብ ላይ ይቆማሉ? ለምን አልገቡም?»

«ጉዳዩ የእሷ ስለሆነ ነው» አለች ወሰንየለሽ። ዶክተሯ አንዴ አዩዋትና እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እስከዳር ቶሎ ለመጨረስ ብላ አንድ ሰው በአንድ ክረምት የማይሸከመውን ያህል ኮርስ መርጣ ነበር፤ የምርምር ሐሳቧም ከጓደኛ የተዋሰችው፣ ስለ ትልልቅ ከተማ ትምህርት ቤቶች ነበር። ዶክተሯ ያልፈረሙት ይህን አይተው ነው። ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከባዱ ለሚቀጥለው ክረምት ተላለፈ፤ ዘንድሮ የንባብ ማስተማሪያው ገባ። ምርምሯም በየገደሉ ተበታትነው ካሉ ቤቶች የሚመጡ ልጆች እንዴት ማንበብ እንደሚለምዱ እንዲሆን ተስማሙ፤ ይህም የራሷ ክፍል ነው፤ ለጥናት ብላ ሥራዋን ጥላ አትንከራተትም፤ ያገኘችው ሁሉ በማግስቱ ለልጆቿ ይውላል። ሁሉም ነገር በአንድ ጭውውት ተፈታ። እናት አማላጅ ብትልክ ኖሮ ዶክተሯ ስለ እነዚያ ልጆች አይሰሙም ነበር፤ ክፍሉን የምታውቀው እስከዳር ብቻ ናትና። ልጁን የሚወድ ወላጅ እስከ ግቢው በር ይሸኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጁ ራሱ ይናገር። መምህሩም ማንን እንደሚመክር ያውቃል፤ ተማሪውም ያልገባውን መጠየቅ ሲለምድ፣ እሱ በተራው የሚጠይቁ ልጆች ያሳድጋል።

ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ እስከዳር ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ወሰንየለሽም አንድ ቃል ለማስገባት ብዙ ጠበቀች።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ሌላ ጊዜ ደግሞ ቢሮ ነይ ሲሉሽ...»

«ሳይጠሩኝ ነው የምሄደው እማ» አለች እስከዳር።