በር ተዘግቶ ያልተነበበ

የምስክር ስም፦ ሽፈራው ወንድሙ ተሰማ
ዕድሜ፦ 54
የትምህርት ደረጃ፦ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ በመብራት አገልግሎት የቆጣሪ መረጃ ባለሙያ
አድራሻ፦ ወልድያ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ መርሳ፣ መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ደምሴ አለሙ
ተጠርጣሪ፦ አብዱልሐሊም ይመር፣ ዕድሜ 67፣ በግራና የወፍጮ ባለቤት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ከአቶ አብዱልሐሊም ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። የማውቃቸው ከሃያ ዓመት በፊት ለወፍጮአቸው መስመር የዘረጋሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። የታሰሩት፣ አካባቢው ተይዞ በነበረባቸው ወራት ለያዘው ኃይል እህል ፈጭተዋል ተብለው እንደሆነ ተነግሮኛል። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ከመስሪያ ቤቴ የወጣ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ወፍጮው ከነሐሴ 2013 አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ 2014 መጨረሻ በየወሩ 610 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቅሟል፣ ቆጣሪውም ተነካክቷል ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ሐሰቱ እንዴት እንደተሠራ አውቃለሁ፤ ቁልፉን የተጫንሁት እኔ ነኝ።

በእነዚያ ወራት በጦርነት ምክንያት መስመሩ ተቋርጦ ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ግራናን ጨምሮ፣ መብራት አልነበረም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እዚህ መክረም ይበቃል። እኔ ወልድያ ከርሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ናሆም ልዑል አዲስ አበባ ከርሞ ጥር 2 ቀን 2014 ተመለሰ።

ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራ ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ለእያንዳንዱ ቆጣሪ በየወሩ ንባብ ይገባል። ንባብ ከሌለ ሶፍትዌሩ ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቱ የሚመረጠው አስቀድሞ ከተሞላ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን የምሞላው እኔ ነኝ። መስመር ተቋርጦ ነበር የሚል ምክንያት ከተመረጠ ወሩ ዜሮ ይሆናል። አንባቢው በር ተዘግቶ ተመለሰ ከተባለ ግን ሶፍትዌሩ ደንበኛው እንደ ወትሮው ተጠቅሟል ብሎ ያለፉትን ወራት አማካይ ይሞላል። ሶፍትዌሩ አይዋሽም፤ የነገሩትን ያምናል።

ጥር 5 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በዝርዝሩ ላይ «በጦርነት ምክንያት መስመር የተቋረጠ» የሚል አዲስ ምክንያት ጨመርሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አቶ ናሆም ቢሮው አስጠራኝ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከእኛ ሲስተም መውጣት የለበትም። ከበላይ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለኝ።

«የሆነውን በላቸው» አልሁት።

«እባክዎ ነገር አያክርሩ» አለኝ።

እንግዲያው ከድሮው ዝርዝር «የመስመር ብልሽት» የሚለውን እንጠቀም አልሁት። ይህንንም አልተቀበለም። በብልሽት የሚመዘገብ እያንዳንዱ ሰዓት ከቅርንጫፉ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይቀነሳል፤ እሱ ደግሞ ዕድገት ይጠብቃል። በመጨረሻ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «በር ተዘግቶ ያልተነበበ» የሚለውን አሳየኝ። «በሩስ ተዘግቶ አልነበረም እንዴ? የቱ ላይ ነው ውሸቱ?» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ለራሱ በጣም ጣመው። እኔ ግማሽ ገጽ የተቃውሞ ማስታወሻ ጻፍሁ፣ ያዘዘውን ሞላሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ማስታወሻው የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ጥር 9 ቀን የቆጣሪ አንባቢዋ ወይዘሪት ቡርቱካን ከግራና እውነተኛውን ንባብ አመጣች። ንባቡ ሶፍትዌሩ በግምት ከሞላው ያነሰ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ቆጣሪው ወደ ኋላ ዞሯል ብሎ «ተነካክቷል» የሚል ምልክት አደረገበት። ይህም ለአቶ ናሆም ተነግሮታል። «ይጣራል» አለ። አልተጣራም። የካቲት 20 ቀን ለያዘው ኃይል የሠሩትን የሚያጣራ አንድ ኮሚቴ በእነዚያ ወራት የሠሩ ወፍጮዎችን ዝርዝር ሲጠይቀው ግን ማንንም ሳያማክር በአንድ ቀን አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠ። በማግስቱ የዝርዝሩን ስህተት በጽሑፍ ባመለክት ሶፍትዌሩን የማስተካከል ፈቃዴን ሰረዘብኝ። አሁን እንደ ማንኛውም ጸሐፊ ማየት እንጂ መንካት አልችልም።

ተጠርጣሪው ብቻ ለምን ተያዙ ተብዬ ተጠይቄ፣ በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ወፍጮዎች እንዳሉ ገልጫለሁ። የአሥሩ ባለቤቶች ወደ ደሴ ተሰደው ስለነበር ተለቀዋል። አቶ አብዱልሐሊም ባለቤታቸው ታመው ስለነበር ቀሩ፤ በመቅረታቸው ተጠረጠሩ። አሥሩ ወፍጮዎች ግን በወረቀቱ ላይ ያለ ሰው ሲፈጩ ከርመዋል፣ ሁሉም ቆጣሪ ተነካክቷል። በዚያው ሶፍትዌር የእኛው መስሪያ ቤትም ተዘግቶ ሳለ በየወሩ 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቅሟል፣ ቆጣሪውም ተነካክቷል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን አቶ ናሆምም አብሮ መታሰር ነበረበት።

መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከወይዘሪት ቡርቱካን ጋር ግራና ሄጄ ቆጣሪውን በዓይኔ አይቻለሁ። የማሸጊያው ሽቦ አልተበጠሰም፤ ከሃያ ዓመት በፊት ያሰርሁት አይደለም፣ ቆጣሪው ሲቀየር በ2010 የታሰረው ነው፣ ቁጥሩም ከመዝገባችን ጋር አንድ ነው። መስመሩ ሊቋረጥ ዋዜማ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2013፣ የተነበበው 48,216 ነበር። የግራና መስመር ገና ሳይቀጠል ጥር 9 ቀን የተነበበውም 48,216 ነው። አንድ አሃዝ አልተንቀሳቀሰም።

ዛሬ ወደዚህ ስገባ አቶ አብዱልሐሊምን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ከታሰሩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። «አንተ ሽፈራው፣ አምስት ወር ሙሉ መብራት ነበረህ ይሉኛል። ወላሂ፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ሳላየው የከረምሁ?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እኔ «ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ያበራሁልዎት እኔ ነኝ» አልኋቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ግባና አጥፋው» አሉኝ።

ቃሌ ሲነበብልኝ፣ መስመሩ የተቋረጠበት ምክንያት «በተፈጠረው የጸጥታ ችግር» ተብሎ ተጽፎ ሰማሁ። እንዲታረም ጠየቅሁ። ምክትል ሳጅኑ «ያው አይደለም እንዴ ጋሼ?» አሉኝ። «ያው ከሆነ የእኔን ይጻፉ» አልኋቸው። ሰውዬውን ያሳሰረው የዚህ አንድ ቃል መጥፋት ስለሆነ ሳይታረም እንደማልፈርም ተናግሬያለሁ። በዚህ መሠረት ቃሉ ተሰርዞ «በጦርነት ምክንያት» ተብሎ ተተክቷል፤ በስርዙ ጎን ሁለታችንም ፈርመናል።

ከዚህ በላይ ያለው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና በእጄ የሠራሁት ነው። ታርሞ እንደገና ተነቦልኝ፣ የእኔ ቃል መሆኑን አምኜ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሽፈራው ወንድሙ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ደምሴ አለሙ
ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡45