የጨረቃው እድር

(በጨረቃ ላይ ባለ በረዶ ማውጫ ጣቢያ፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ የአቶ ጫንያለው አስከሬን ካረፈበት ክፍል ደጃፍ፣ የሠራተኞቹ እድር ሊቀመንበር እትዬ ውብዓለም እና የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ናትናኤል።)

ናትናኤል፦ እዚህ ቀብር የሚባል ነገር የለም ብያለሁ፣ እትዬ ውብዓለም። አስከሬኑ በዛሬዋ መርከብ ወደ ምድር ይሄዳል።

ውብዓለም፦ ይሂድ ያለው ማነው? ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። አንድም ጊዜ ምድርን አላነሳም።

ናትናኤል፦ ውሉ ነዋ። ሠራተኛ ሲሞት ወደመጣበት ይመለሳል።

ውብዓለም፦ ውሉን ሲፈርም ልጅ አልነበረውም። ዛሬ ማስተዋል የምትባል ልጅ አለችው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች።

ናትናኤል፦ ትሸኘው። ማን ከለከላት?

ውብዓለም፦ ከዚያስ? መቃብሩን በምን እግሯ ሄዳ ታየዋለች? ምድር ብትወርጂ ክብደቱን አጥንትሽ አይችለውም ብሏታል ሐኪሙ። አባቷን ስትጭን፣ ቆማ የምታለቅስበትን ቦታም አብረህ እየጫንክባት ነው።

ናትናኤል፦ እኔም አዝኛለሁ።

ውብዓለም፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ናትናኤል፦ ምን ላድርግ? ይሄ ሳይት ነው፣ ሰፈር አይደለም።

ውብዓለም፦ ተናገርከው። እናንተ የፈራችሁት ሬሳውን አይደለም፣ መቃብሩን ነው። ሰው የተቀበረበት ቦታ አገር ይሆናል። አገር ደግሞ ኮንትራቱ አለቀ ተብሎ አይዘጋም።

ናትናኤል፦ ይሄ ከእኔ አፍ አልወጣም።

ውብዓለም፦ ካንተማ ምን ይወጣል፤ የላኩህ ናቸው የሚያስቡልህ።

ናትናኤል፦ እሺ፣ አፈሩስ? እዚያ አፈር ውስጥ ውሃ አለ። ኩባንያው የሚሸጠው እሱን ነው።

ውብዓለም፦ ዕድሜውን ሙሉ ለእናንተ ቆፈረ። አንዲት ጉድጓድ ለራሱ ብትሆን ምን ይጎድልባችኋል? ደግሞ ስማኝ፤ እናቶቻችን «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ሲሉ እዚያ ምኞት ነበር። እዚህ አፈሩ ራሱ ገለባ ነው። ምርቃቱ የሠመረበትን ቦታ ትቶ ወዴት ይሂድ?

ናትናኤል፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት «እድር ምንድነው?» ሲለኝ «የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ነው» ብዬ ነው ያስፈቀድኩላችሁ።

ውብዓለም፦ መዝናኛ? እኛ ንፍሮ ቀቅለን የምንጨፍር መሰለህ?

ናትናኤል፦ ቶሎ እንዲፈቅዱላችሁ ብዬ ነው እንጂ! ይኸው ዛሬ ክበቡ ጥሩምባ ነፍቶ ጣቢያውን ሥራ አስፈታው። ያውም በእኔ ራዲዮ።

ውብዓለም፦ ውጭ አየር የለ፣ ድምፅ አይሰማ፤ በራዲዮ ካልሆነ በምን ይነፋ? ቀብር ባለበት ቀን ሥራ የለም፤ ይሄን ያንተም አባት ያውቁታል።

ናትናኤል፦ አባቴን ይተዉልኝ። ሠራተኞቹ አስከሬኑን ወደ መርከቧ ይውሰዱ፣ ሌላ አልጠይቅም።

ውብዓለም፦ ጠይቀሃቸው የለ? ምን አሉህ?

ናትናኤል፦ «እትዬን አናግር» አሉኝ።

ውብዓለም፦ እትዬ ደግሞ እምቢ አለች።

ናትናኤል፦ ግድ የለም። እዚህ ሬሳም ይቀላል፤ ብቻዬን ተሸክሜ እጭነዋለሁ።

ውብዓለም፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ብትችለውም ነውር ነው። ነገ ያንተንስ ማን ያነሳዋል?

ናትናኤል፦ ነውሩን እችለዋለሁ። እኔን የሚያስፈልገኝ መርከቧ በሰዓቷ መነሳቷ ነው። ፓይለቱ ደግሞ ጃፓናዊ ነው፤ የእናንተ ወግ እሱን አይይዘውም።

ውብዓለም፦ ሂሮሺን ነው? እሱ እድራችን ከገባ ቆየ እኮ። ዛሬ ጉድጓድ የመቆፈር ተራው ነው፤ መርከቧን ቆልፎ አካፋውን ይዞ ወጥቷል።