ሂስ የቀረላት ተማሪ
በደርግ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ታክሲው ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪና ነጭ ጋወን የታቀፈች ነርስ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም፤ ግን ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ዝም ማለት ያስቸግራል።

«አንዲት ልጅ አስቸገረችኝ፤ ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ፊት፣ ሂስ ላቀርብባት ነው» አላት።

«ተማሪህ ናት? ምን አጠፋች?»

«በየቀኑ ብርቱካን ታመጣልኛለች። እስክወጣ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ልጆቹ ‹ሙሽሪት› ይሏታል፤ የኔም ስም አብሮ እየጠፋ ነው።»

«ወላሂ፣ ሰልፍ ላይ ካነሣሃት ሁለተኛ ትምህርት ቤት አታያትም። እኔም ሐርቡ ስማር ለአስተማሪያችን ፓፓያ እሸከምላቸው ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«እዚያው ቆራርጠው ለክፍሉ አደሉት! ‹ዘሃራን አመስግኗት› አሉ። ኋላ አንዲት ሴት አስተማሪ አጠገባቸው አስቀምጠው ‹ልጄ፣ አንቺ ተማሪዬ ነሽ፤ ከዚያ ሌላ አይሆንም› አሉኝ።»

«አላፈርሽም?»

«አለቀስኩ እንጂ! ግን ማንም አላወቀብኝም። አባቴ ብቻ ደመወዝተኛ አማች አመለጠኝ ብሎ አኩርፎ ከረመ።»

አስተማሪው ሳቀ።

«አትሳቅ ወንድሜ። ያኔ ቢያዋርዱኝ ቤት ቀርቼ ይድሩኝ ነበር። ይኸው ዛሬ አዋላጅ ነኝ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።»

«እንግዲያው ሂሱ ይቅር።»

«ልጅቱንስ?»

«የቤት አያያዝ አስተማሪዋ ባለችበት አነጋግራታለሁ። አንቺንም እግዜር ይስጥሽ።»

ፒያሳ ስንወርድ፣ ደሴ የምትማር ልጅ አለችኝና የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና፣ በሆዴ ‹የኔዋም ብትሆን ሂሱ ቀርቶላታል፤ አልሐምዱሊላህ› ብዬ መልሼ ገጠምኩት።