ከኢስሃቅ አፍ

መጋቢት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አሰንዳቦ ስልክ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ስልከኛዋ የኔነሽ፣ ለጉማ እርጥብ ሣር ይዘው የመጡት ሽማግሌዎች አባ ፊጣና አቶ ዋቅጅራ፣ እና ዘይቡ። ጉማ የደም ዕርቅ ነው፤ የሟች ቤተሰብ በአንድ አፍ «ይቅር» ካላለ አይፈጸምም፣ ገዳይም መንደሩን አይረግጥም። ከሟች ቤተሰብ የቀረው የዘይቡ ታናሽ ወንድም የኢስሃቅ ቃል ብቻ ነበር። እሱ ደብረ ማርቆስ ያስተምራል። ደወሉ ሲጮኽ ዘይቡ ሻሿን ከጆሮዋ ገፋ አድርጋ እጀታውን አነሳች።

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ኢስሃቅ? … እኔ ነኝ፣ ዘይቡ። ትሰማኛለህ? … አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። … ኧረ ማንም አልሞተም! ስልክ የሚደወለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?

— እንዲያው ግን… እማማ ወርቂቱ አልቆላታል። … እህል ከተወች ዘጠኝ ቀኗ። «ልጄን ፈየራን አሳዩኝ» ብቻ ነው የምትለው። … ተፈታ እኮ! ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ከወጣ ወር ሆነው። ሸቤ አክስቱ ቤት ነው ያለው። ሳንታረቅ እንዴት ይግባ?

— አውቃለሁ። … አውቃለሁ ኢስሃቅ፣ የገደለው ወንድማችንን ነው። የሙሐዲንን ደም ከደጃችን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

— ሙሐዲንም እኮ መጥረቢያ አንስቷል። … ልክ ነው አላልኩም! የገበሬ ማኅበሩ የቡና መሬቱን ሲያካፍል ያን አጥር መሃላችን ባያቆም፣ ፈየራንም ያን ጠመንጃ ባያስታጥቀው… እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት። ስልክ ላይ አይወራም።

— ይቆዩ አባ ፊጣ፣ ገና ነው። እርስዎ ቁጭ ይበሉ። … ሣሩ ጠወለገ? ውሃ ያርከፍክፉበታ! … ሄሎ፣ አለሁ፣ አለሁ።

— አጥሩ ሳይመጣ ትዝ ይልሃል? አንድ ግቢ ነበርን እኮ። ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ እማማ ወርቂቱ «ሰሌን!» ብላ ስትጮህ፣ ሦስታችሁም ካላችሁበት ትሮጣላችሁ። አንተማ ሰሌኑን እጠቀልላለሁ ብለህ አብረህ ትጠቀለል ነበር! ሙሐዲን ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ፈየራ ፈትቶ ያወጣሃል። … ሳቅክ? … ሳቅክ እንጂ፣ ሰማሁህ።

— እናታችን ታማ ጡቷ ሲደርቅ ማን አጠባህ? … በል እንጂ። … አዎ፣ እሷ። ፈየራን በአንዱ፣ አንተን በአንዱ። የጡት ወንድምህ ነው። …

— ምን? … «መብቴ ነው»? … ማን ነጠቀህ! ፍርድ ቤቱ ፈረደ፣ ያንተ ልብ ግን አልፈረደም። ገባኝ። … ግን እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ከአንድ ምንጭ ነው የምንቀዳው። እኔ ቀድቼ እስክሄድ፣ እማማ ወርቂቱ እንስራዋን ታቅፋ ዛፍ ሥር ትጠብቅ ነበር። ስድስት ዓመት፣ ኢስሃቅ! ላንሳልሽ እንኳ ማለት አልችልም።

— ማሎ፣ ወንድሜ፣ እባክህ። አንዲት ቃል። ለአባ ፊጣ ልስጥህና… አይሆንም? … «ሙሐዲን ይቅር ሲል እኔም እላለሁ»? የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ይላል? … ኢስሃቅ? … ሄሎ? … ሄሎ!

መስመሩ ተቋርጧል። የኔነሽ ከማዶ ሆና «የለም» በሚል አንገቷን ነቀነቀችላት። ዘይቡ እጀታውን ከጆሮዋ አላነሳችም።

— … እሺ። … እሺ፣ ወንድሜ። … እስቲ ድገመው። … አላህ ይስጥህ። ደህና ሁንልኝ።

— ይቅር ብሏል፣ አባ ፊጣ። … አዎ፣ በራሱ አፍ። … ልሰጥዎት ስል መስመሩ ሄደ። … ወላሂ በይ ነው የሚሉኝ?

— … ወላሂ።

እጀታውን አስቀመጠች። የኔነሽ ዓይኗን ከሽማግሌዎቹ መልሳ መሰኪያውን ነቀለች። ፈየራ ሐሙስ ገባ፤ ወርቂቱ ቅዳሜ ሞተች። ኢስሃቅ በስሙ ይቅር መባሉን በሰኔ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ለእህቱ አልደወለም።