ለሐጂ የለቀቅኩት ወንበር

ባለቤቴ ትንሿ መኪናችን ድንች በደንብ እንድትጭንለት ብሎ የኋላ ወንበሯን ፈትቶ ቤት አስቀመጠው። የቀረው የእሱና የእኔ መቀመጫ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሳጉሬ አምስት ጆንያ ጭነን፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ከፊት ተቀምጬ ወደ አሰላ ስንመለስ፣ የጎረቤታችን አባት ሐጂ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱ። ሽማግሌ ቆሞ እያየ ማን ያልፋል? ባለቤቴ አቆመና አየኝ። ወርጄ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ፊት ባለችው ባዶ ወለል ላይ ልጄን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ጆንያዎቹን እሰራቸው እንጂ» አልኩት።

«ይሄን ክብደት ማን ያንቀሳቅሰዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቁልቁለቱ ላይ የፈረስ ጋሪ ድንገት መንገድ ገባ። ባለቤቴ ፍሬን ሲይዝ ጆንያዎቹ ተንሸራተው መጡብኝ። ልጄን ደረቴ ስር ሸጉጬ ጎበጥኩበት። ጀርባዬ ላይ ተከመሩ፤ የልጄ ድምፅ ጠፋ። «ያ ረቢ! ልጁ!» ይላሉ ሐጂ። ባለቤቴ መኪናዋን አቁሞ ጆንያዎቹን ሲያነሳልኝ ልጄ ትንፋሹን ሰብስቦ ጮኸ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም።

ሐጂ ወርደው የፊቱን በር ከፈቱልኝ። «ነይ ልጄ፣ ቦታሽ ግቢ። እኔ ሚኒባስ እጠብቃለሁ።»

«ኧረ ሐጂ፣ ይሄማ ነውር ነው! ይቀመጡ» አለ ባለቤቴ፤ እንዳግዘውም ዞሮ አየኝ።

ሽማግሌ ሲነሳ «በፍጹም አይሆንም» ብሎ መለመን ያደግኩበት ነው። ያን ቀን ግን ልጄን አቅፌ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።